የድንጋይ ላሾቹ መርዶ

ያን ኩሬ ባሰብኩት ቁጥር የሚመጣብኝ ጠዋቱ ነው። ብርሃኑ በብርብራው ቅጠል መሃል ሾልኮ ውሃው ላይ ይወርዳል፣ ውሃውም ተቀብሎ ታች ድንጋዮቹ ላይ ያንቀጠቅጠዋል። እኔ ሣሩ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ አገጬን ክንዴ ላይ አድርጌ አያለሁ። አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት የባዮሎጂ አስተማሪ በሆዷ ተኝታ ኩሬ ስታይ ያገኛት መንገደኛ አበደች ቢል አይፈረድበትም። ያሉም አሉ።

ኩሬው ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወጣው መንገድ በኩል ነው። ባጃጁ አቀበቱ እስኪያደክመው ይወስደኛል፤ ከዚያ ወርጄ በገብስ ማሳ ዳርና በእንሰት ጓሮዎች መሃል ሃያ ደቂቃ ያህል በእግሬ እሄዳለሁ። ከተራራው የሚወርድ ቀጭን ጅረት አንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ሲደርስ አረፍ ይላል፤ ያረፈበት ቦታ ነው ኩሬው። ስፋቱ ከአንድ መማሪያ ክፍል አይበልጥም። ውሃው ከዚያ ተነስቶ ወደ ጉደር፣ ጉደርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ዓሦቹ ግን የትም አይሄዱም ነበር።

ጣት የሚያህሉ ዓሦች ናቸው። ጀርባቸው የድንጋዩን ቀለም ስለሚመስል ካልተንቀሳቀሱ ዓይን አይይዛቸውም። አፋቸው ከሥር ነው፤ እዚያው አጠገብ ትንሽ ክብ መጣበቂያ አላቸው፤ በእሷ ድንጋይ ላይ ከተለጠፉ ውሃው ቢገፋቸውም ንቅንቅ አይሉም። ጭራቸው ሥር፣ እርድ ስትፈጭ የዋለች ሴት በጣቷ የነካቻቸው ይመስል፣ አንዲት ቢጫ ነጥብ አለች። የሚበሉት ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን፣ በመማሪያ መጽሐፉ አልጌ የምንለውን አረንጓዴ ነገር ነው። ይልሱታል። የላሱበት ቦታ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነጣ ብሎ ይቀራል።

«ዓሣውን አትፈልጊ፤ ድንጋዩን እዪ። የተላሰ ካለ እነሱም አሉ» ብለው ያስተማሩኝ ኦቦ ናቸው።

ኦቦ ማሳቸው ከኩሬው የሚዋሰን ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ኦቦ የሚለው የኦሮምኛ የአክብሮት ቃል ወትሮ ከስም ጋር ነው የሚሄደው፤ እኔ ግን ከመጀመሪያውም ስማቸውን ለመጥራት ስለማፍር ኦቦ ብቻ እያልኩ ቀረሁ፤ እሳቸውም ለመዱት። የተዋወቅነው ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምህረት ላይ መሰለኝ። ትምህርት ቤታችን አንድ ማይክሮስኮፕ አግኝቶ ነበር፤ በማይክሮስኮፑ የሚታይ ነገር ግን አልነበረንም። ጠርሙስ ይዤ ከኩሬው ዳር ቁጢጥ ብዬ ድንጋይ ስፍቅ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ከየትኛው ቢሮ ነሽ?»

«ከቢሮ አይደለሁም። አስተማሪ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ትለኪያለሽ?»

«አልለካም። ይሄን አረንጓዴ ነገር ለተማሪዎቼ ልወስድ ነው።»

ጠርሙሱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ባርሲስቱ» አሉ በመጨረሻ፤ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው። «ከተማ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ጠፋ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባርሲስቱ ሆንኩ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየሄድኩ ከእሳቸው ጋር ኩሬ ሳይ እናቴ «ሰው በሰንበት ዘመድ ይጠይቃል፣ የኔዋ ዓሣ ትጠይቃለች» ማለት ጀመረች። እኔ ደግሞ ነገር የሚቆጠቁጠኝ ሴት ነኝ፤ በክፍል ውስጥ በጠመኔ አወራወሬ የታወቅሁ። እዚያ ኩሬ ዳር ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ብርሃኑ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ አንዷ ዓሣ ከተለጠፈችበት ትነሳና ወደ ጎረቤቷ ሄዳ ትለጠፋለች፤ በቃ፣ የቀኑ ትልቅ ወሬ ይሄ ነው። ኦቦም ብዙ አያወሩም። ጎን ለጎን ሆነን ዝም ስንል፣ ውሃው ስለ ሁለታችን የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ግን አወሩ። የብርብራውን ዛፍ ቀና ብለው እያዩ ነው የጀመሩት።

«በጉብዝናዬ የዚህን ዛፍ ፍሬ ወቅጠን ውሃው ውስጥ እንበትን ነበር። ዓሣ ያሰክራል። ትልልቆቹን ለቅመን በጾም ወራት ከተማ አውርደን እንሸጣለን። ትንንሾቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ይንሳፈፋሉ፤ እነሱን ማን ይቆጥራል? ያኔ ባለቤቴ ገና ሙሽራ ነበረች። ውሃ ልትቀዳ መጥታ አየች። እንስራዋን ባዶውን ይዛ ተመለሰች። አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ኩሬ አልቀዳችም፤ ያኛው ምንጭ ሩቅ ነው፣ አቀበት ነው። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። በየቀኑ በፊቴ ባዶ እንስራ ይዛ ታልፋለች፣ ሞልታ ትመለሳለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አልወቀጥኩም። ሌላ ሰውም አላስወቀጥኩም። አንድ ቀን ድንጋዩ ላይ የተላሰ አየች፣ እንስራዋን አስቀመጠች፣ ቀዳች። ታረቅን።»

ከዩኒቨርሲቲው ዓሣ የሚያጠና አንድ መምህር ለምኜ አመጣሁ። ጫማውን አውልቆ ገባ፤ አንዷን በመዳፉ ይዞ ጭራዋን ደጋግሞ አየ፤ ፎቶ አነሳና መልሶ ለቀቃት። «ብርቅ ነች ብዬ አልምልም፣ አይደለችም ብዬም አልምልም። እንዲህ ያለ ነጥብ ያላት አላየሁም» አለኝ። «በሌላ ወንዝ ፈልጊ። እዚህ ብቻ ከሆነች፣ ከዚህ የጠፋች ቀን ከምድር ጠፋች ማለት ነው።»

ፈለግሁ። ለሁለት ዓመት በየዕረፍቱ ወንዝ ለወንዝ ዞርኩ። ከጉደር ድልድይ ሥር ገባሁ። በበቆሎ ጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ እስከ ባኮ ቆላ ወረድኩ፤ እዚያ ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ዓሣውም ወፈር ያለ ነው፣ ሹፌሩ ደግሞ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ድንጋይ ላሽ ሞልቷል፤ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው፤ ቢጫዋ ነጥብ ግን የለችም። ይሄን ስነግራቸው ኦቦ አልገረማቸውም። «እዚህ ያሉት እዚህ ናቸው» አሉ፤ አበቃ።

እንግዲህ ያ ኩሬ እንደዚያ ያለ ነገር ነበር። ክፉውም ቀን መጣ።

ፍለጋዬን በጨረስኩበት ዓመት ጥር ላይ የኦቦ ባለቤት አረፉ። በዚያው ወር ከላይ በኩል ሽንኩርትና ድንች በመስኖ የሚያለሙ ወጣቶች በናፍጣ የሚሠራ የውሃ ሞተር ተከሉ። ሞተሩ ጅረቱን ይጠጣዋል፣ ኩሬውም በየሳምንቱ አንድ ስንዝር ይወርዳል። ወጥቼ ተጣላኋቸው፤ ጮህኩባቸው። አንደኛው በትህትና «እትዬ፣ ለዓሣው እኛ እንራብ?» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ልጅ አለው። ቢሮ ሄድኩ። አንዱ ጉዳዩ የውሃ ነው አለ፣ ሁለተኛው የአካባቢ ነው አለ፣ ሦስተኛው ማመልከቻዬን አገላብጦ «ዓሣ በየትኛው ዘርፍ ነው የሚታየው?» ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ። የካቲት ሲጋመስ ኩሬው ከቋጥኙ ሥር ገብቶ የሦስት ሳፋ ያህል ሆኖ ቀረ።

«ውሰጃቸው» አሉኝ ኦቦ።

«ሁሉንም?»

«አይደለም። ዘር በአንድ ጎተራ አይቀመጥም። እኩሌታውን አንቺ፣ እኩሌታውን እኔ። ዝናብ ሲገባ ትመልሻቸዋለሽ።»

የሟች ባለቤታቸውን ወንፊት ይዘው ወጡ። የዱቄት ሽታው ገና አልለቀቀውም። ቀስ ብለው ከሥር እያስገቡ አንድ በአንድ አወጡልኝ፤ አሥራ አንድ። ዓሦቹ ጀሪካኔ ውስጥ ሲገቡ ኦቦ ጎንበስ ብለው እያንዳንዷን አዩ።

«ይሄ ጉዲፈቻ ነው» አሉኝ። «ጉዲፈቻ ያሳደገ ሰው የሌላ ሰው ልጅ ነው አይልም። የአብራኩ ክፋይ ነው። ገብቶሻል?»

«እንደ ጉዲፈቻው ሥርዓት ቅቤ አምጥቼ አናታቸውን ልቀባ?» አልኩ ላስቃቸው ብዬ።

አልሳቁም። «አደራ» አሉ።

ግቢያችን ውስጥ አቮካዶው ጥላ ሥር ሰማያዊ በርሜል በግማሹ አስቆርጬ አስቀመጥኩ። ከጅረቱ ውሃና ድንጋይ በባጃጅ አመላለስኩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፈዘው ከሥር ተኙ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ግን፣ ጥርሴን እየፋቅሁ ብቅ ስል፣ ድንጋዩ ላይ አንዲት ነጣ ያለች ቦታ አየሁ። ተላሰ! መፋቂያዬን እንደያዝኩ እናቴን ጠራኋት። «ምን ሆንሽ?» ብላ ሮጣ መጣች፤ ስታይ «እሰይ፣ በሉ?» አለች። ከዚያ በኋላ እሷም በመውጫ በመግቢያዋ ማየት ጀመረች። ያ ሁለት ሳምንት በሕይወቴ ካለፉት ጊዜያት ሁሉ ይበልጥ የሰላም ነበር፤ ሌላ ምን ልበል? ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰው ይጠብቀኛል እንደሚባለው፣ እኔን በርሜል ይጠብቀኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆቹ ቆሙ። ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ፤ በእግር እንኳ ከከተማ መውጣት የሚያስፈራበት ሳምንት ነበር። ቧንቧውም ተቋረጠ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። የበርሜሉ ውሃ እየደፈረሰ መጣ፣ ዓሦቹ ከድንጋዩ እየተነሱ ይንገላወዱ ጀመር። ለመጠጥ ከቀረችን ጥቂት ውሃ ሌላ ቤታችን ውስጥ የነበረው ውሃ አንድ ብቻ ነው፤ ሆራ።

አምቦ ተወልዶ ላላደገ ሰው ሆራን ማስረዳት ይከብዳል። ከመሬት እየፈላ የሚወጣ፣ ምላስ የሚቆነጥጥ፣ ማዕድን ያለው ውሃ ነው። ከብቱ ሆራ ይወርዳል፣ ሰውም ይጠጣል። ሆዳችንን ሲቆርጠን ሆራ፣ ራሳችንን ሲያመን ሆራ፣ ቁርጥ ሲከብደን ሆራ። የሀገሬ ሰው ክፉ ነገር ከውሃ ይመጣል ብሎ ቢያምን እንኳ ከዚህ ውሃ ይመጣል ብሎ አያምንም። እናቴ በየሳምንቱ ሁለት ጀሪካን ታስመጣ ነበር። እነዚያን ሁለት ጀሪካኖች አየሁ። አድሮበታል፣ ጋዙ ወጥቶለታል አልኩ። ክዳኑ ግጥም ብሎ እንደተዘጋ እያየሁ ነው ይሄን ያልኩት። ለሰው መድኃኒት የሆነ ለዓሣ ምን ይሆናል አልኩ። ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዓሣ የምትተነፍሰው ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ትታፈናለች ብዬ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ።

አንዱን ጀሪካን ገለበጥኩት። ውሃው ሳቀ፤ ትንንሽ አረፋዎች ከሥር እየተነሱ ወደ ላይ ወጡ። ዓሦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከድንጋዩ ተነስተው ወደ ላይ መጡ፤ አፋቸውን ከፈት ከደን እያደረጉ አረፋው መሃል ተራወጡ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል የሰማሁትን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። ሁለተኛውንም ደገምኩ።

ስህተቴ ገብቶኝ እስክነቃ ድረስ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። በእጄ እያፈስኩ በሳህን ወዳለን የመጨረሻ የመጠጥ ውሃ አዛወርኳቸው፤ ውሃውን በማንኪያ ሳማስል፣ በአፌ ስነፋ ዋልኩ። አልተረፉም። ጭራቸው ሥር ያለችው ቢጫ ነጥብ ግን አልደበዘዘችም። በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ አቮካዶው ሥር ቀበርኳቸው፤ ያን ቀን አላለቀስኩም። ያለቀስኩት በማግስቱ ነው፤ በርሜሉን ለመድፋት ስሄድ ድንጋዮቹ ላይ የላሱበት ቦታ እንዳለ ተቀምጦ ሳየው።

መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያው ቅዳሜ ገበያ ነበር። ኦቦ ድንቻቸውን ሸጠው ሁልጊዜ የምንገናኝበት የገበያው ጥግ ባህር ዛፍ ሥር ቆመዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ጠየቁኝ።

«ጂሩ?»

አሉ ወይ ማለታቸው ነው። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ያን ወንፊት አስታወስኩ። ሰውየው በጥር ሚስት ቀብረዋል፤ በመጋቢት ሌላ መርዶ፣ ያውም ገበያ መሃል፣ ያውም ቆመው? መርዶ እንዲህ አይነገርም። ጊዜ ይጠበቅለታል፣ ሰው ይሰበሰብለታል። እኛ ሰው ሞቶ እንኳ «ትንሽ አሞታል» እያልን ወር የምንደብቅ ሕዝብ ነን።

«ጂሩ» አልኩ።

ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። «የእርስዎዎቹስ?» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ጂሩ» አሉ። «አትድከሚ፣ እኔ አለሁ እነሱ ጋ።»

ውሸቱ በዚህ ተጀመረ። በየቅዳሜው ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ፤ እጠይቃቸዋለሁ፣ ይመልሳሉ። አንዳንዴ ያላየሁትን እጨምር ነበር። አንደኛዋ ከሌሎቹ ተለይታ በርሜሉን ራሱን ትልሳለች እላለሁ፤ ይስቃሉ። እሳቸውም ስለ ኩሬው ዓሦች ያወሩኛል፤ አንዲት ቀጠን ያለች ከቋጥኙ ጫፍ አልወርድም ብላለች ይሉኛል። እኔ አደራ በላ እያልኩ ራሴን እየረገምኩ፣ ግን በዚያች ቀጠን ባለች ዓሣ ነበር የምጽናናው። ክፍል ውስጥ ፈተና ስጠብቅ አስባታለሁ። ጸሎት ላይ ቆሜ አስባታለሁ። ኩሬው ዳር ግን አልሄድኩም፤ ፊቴን ለእነዚያ ዓሦች ማሳየት አፍሬ። ክረምቱ ሲገባ ጭቃውን አመካኘሁ፤ ኦቦም «ይቆይ፣ ደፍርሷል፤ ሲጠራ ታመጫቸዋለሽ» እያሉ አልጋበዙኝም። ቅዳሜ እስኪመጣ እፈራለሁ፣ ሲመጣ ደግሞ ወሬያቸውን ለመስማት እሮጣለሁ። ያ ክረምት እንደ ሰመመን አለፈ፤ በሌሉ ዓሦችና ባላየኋቸው ዓሦች መሃል እየኖርኩ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ኦቦ አዲስ ነጭ ጀሪካን አንጠልጥለው ጠበቁኝ። ክዳኑ ላይ በሚስማር ሦስት ቀዳዳ በስተውለታል፤ አየር እንዲገባ።

«ጠርቷል» አሉኝ። «በዚህ አምጪልኝ።»

ጀሪካኑን ተቀብዬ ቤት ገባሁና እናቴ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። መሞታቸውን ታውቃለች፤ መዋሸቴን ግን አታውቅም ነበር። ተቆጣች፤ ተቆጥታ ስትጨርስ ነጠላዋን አነሳች።

«መርዶ በማለዳ ነው» አለች። «ብቻሽንም አትሄጂም።»

«እማዬ፣ ዓሣ እኮ ነው።»

«ዓሣ ከሆነ ለምን ስድስት ወር ደበቅሽ?»

በማግስቱ ሰማዩ ሲገረጥ ወጣን። እናቴ ጉልበቷን እያመማት፣ በየመቶ እርምጃው እየቆመች፣ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቃ ወጣች። ጭጋጉ ማሳው ላይ ተኝቷል፤ ከየቤቱ ጭስ ይነሳል፤ ሰው በእንቅልፉ የሚሄድ ይመስል ነበር አካሄዳችን። ኦቦ ከበረት ሲወጡ አዩን። ሁለት ሴቶች፣ በዚያ ሰዓት፣ ነጠላ ዘቅዝቀው። በእጃቸው የነበረው ገመድ ወደቀ።

«ማን ነው?» አሉ። «የትኛው ልጄ ነው?»

ያን ጊዜ ያደረግሁት ገባኝ። «ሰው አይደለም! ሰው አይደለም ኦቦ፣ ልጆችዎ ደህና ናቸው!» እያልኩ ሮጬ እጃቸውን ያዝኩ። «ዓሦቹ ናቸው። ገደልኳቸው። ሆራ ጨምሬባቸው። በመጋቢት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

እጃቸውን ከእጄ አላቅቀው የወደቀውን ገመድ አነሱ። ቢቆጡኝ፣ በዱላቸው ቢሉኝ እመርጥ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ወደ ኩሬው መሄድ ጀመሩ፤ ተከተልናቸው።

ኩሬው ሞልቶ ነበር። እንደዚያ አምሮበት አይቼው አላውቅም፤ ጠርቶ ታቹ ድረስ ይታያል፣ ብርሃኑም በብርብራው መሃል መውረድ ጀምሯል። የድሮ ልማዴ ይዞኝ ተንበረከክሁ፤ ዓሣውን ሳይሆን ድንጋዩን አየሁ። አረንጓዴ ነበር። ወፍራም፣ ሙሉ፣ ለስላሳ አረንጓዴ፣ ከአንዱ ድንጋይ እስከ ሌላው። አንድም የተላሰ ቦታ የለበትም። ወደ ሌላኛው ዳር ዞርኩ፤ እዚያም የለም። ቋጥኙ ሥር እጄን ሰደድኩ።

ቀና ስል ኦቦ እያዩኝ ነው።

«መቼ?» አልኳቸው።

«መጋቢት» አሉ። «በዚያ መንገድ በተዘጋበት ሳምንት። ሞተሩ ጨርሶ ጠጣው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? በየቅዳሜው...»

«ለምታጠባ ሴት መርዶ ይነገራል እንዴ ባርሲስቱ? ወተቷ ይደርቃል። አሥራ አንዱ አንቺ ጋ አሉ ብዬ...» አልጨረሱትም።

እሳቸው በእኔ በርሜል ሲኖሩ፣ እኔ በእሳቸው ኩሬ ስኖር ስድስት ወር ሄዶ ነበር። መጀመሪያ ያለቀሰችው እናቴ ናት። ሣሩ ላይ ተቀምጣ፣ ለሰው እንደሚለቀሰው፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ኦቦ ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ፤ እኔም ተቀመጥኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ፀሐይ ሞቆ ከብቶቹ እስኪጮሁ ድረስ እዚያው ነበርን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በኋላ ባለ ሞተሮቹ ወጣቶች ራሳቸው መጥተው ኦቦን ይቅርታ ጠየቁ፤ የኩሬው ውሃ ከጉልበት በታች እንዳይወርድ ተስማሙ፤ እስከ ዛሬም ቃላቸውን ጠብቀዋል። ከአንዱ ቢሮም ሰሌዳ መጥቶ ተተከለ። እኔ በየዓመቱ ሆራ የሚል ርዕስ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ለተማሪዎቼ ያደረግሁትን እነግራቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይጽፋሉ። ከኩሬው በላይ ያለውን ጅረት በየድንጋዩ ሥር ፈትሻለሁ። ምናልባት አንድ ሁለት ወደ ላይ ሸሽተው ይሆናል ይላሉ ኦቦ። የዩኒቨርሲቲው መምህርም አይሆንም አላለም።

ኦቦ አርጅተዋል። ዓይናቸው ስለደከመ የተላሰውን ካልተላሰው መለየት አቅቷቸዋል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኩሬው አንድ ድንጋይ በእርጥብ ሣር ይዘው ገበያ ይመጣሉ። ባህር ዛፉ ሥር ተቀብዬ አገላብጬ አያለሁ።

«ጂሩ?» ይሉኛል።

የመጀመሪያውን ቀን ያ አሮጌ ቃል ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ትከሻቸው ሲወርድ ደግሜ ባየሁ። «ሂንጂራን ኦቦ» አልኩ፤ የሉም። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝና ድንጋዩን መልሰው ይዘውት ሄዱ።

ባለፈው ወር ይዘውት በመጡት ድንጋይ ላይ ነጣ ያለች ቦታ ነበረች። የጥፍር ያህል፣ ዳርዋ ክብ። ኦቦ እንደ ወትሮው ቶሎ አለመመለሴን አስተውለው ቀረቡኝ። ወደ ብርሃኑ አዞርኩት፣ በጣቴ ዳሰስኩት፣ ከዚያ የኦቦን እጅ አየሁ። አውራ ጣታቸው ላይ አረንጓዴ ነበር። መንገዱን ሙሉ በዚያ ጣት ጨብጠውት ነው የመጡት።

«ጣትዎ ነው ኦቦ» አልኳቸው። «እርስዎ ነዎት የላሱት።»

ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። ከዚያ ሳቁ፤ ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አልሰማሁም ነበር። እኔ ግን ማልቀሴን ለመደበቅ ድንጋዩን መጠቅለል ጀመርኩ።

«በሚቀጥለው በቅጠል ነው የምይዘው» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው መጡ። ፈትቼ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነበር፤ እንደዚያው ነገርኳቸው።